ድርቀትና ጉድለት፦ የሆድ ሕመምና የቤት መጠጦች ቃላት በተርጓሚው እጅ

የጤና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ባለሙያ ደጋግሞ የሚያገኘውን አንድ ዓረፍተ ነገር እናስቀድም፤ «ተቅማጥ ድርቀት ያስከትላል» የሚለውን። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። የባዕዱን ምንጭ ለሚያውቅ ሐኪምም ግልጽ ነው፤ ሰውነት በተቅማጥ ምክንያት ውኃና ጨው ያጣል ማለት ነው። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ልጇን ሦስት ቀን ሙሉ ላስቀመጠባት የውርጌሳ እናት ብናነብላት ግን የምትረዳው ሌላ ነው። በእርሷ አነጋገር ድርቀት ማለት የሆድ ድርቀት ነው፤ የተቅማጥ ተቃራኒ ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የሚነግራት ተቅማጡ ውሎ አድሮ እንደሚቆምና ሆዱ እንደሚደርቅ ነው። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ሲነበብ የምሥራች ሆነ ማለት ነው። ነገሩ በዚህ ብቻ አይቆምም። ለሆድ ድርቀት በቤት የሚሰጠው የታወቀ መጠጥ ተልባ ነው፤ ተልባ ደግሞ ሆድ ያለሰልሳል። ልጁ «ድርቀት ይዞታል» የተባለች እናት ተልባ በጥብጣ ብታጠጣው የሠራችው ስሕተት የእርሷ ሳይሆን የስያሜው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሆድ ሕመምን፣ የቤት መድኃኒቱንና ለታመመ ሆድ የሚሰጡትን መጠጦች የሚመለከቱ ቃላት እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ዓላማችን የመድኃኒቶቹን ፈዋሽነት መመስከር አይደለም፤ ያ የሐኪሙና የመድኃኒት ቀማሚው ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ ሕዝቡ ሕመሙንና መድኃኒቱን በምን ሥርዓት ይሰይማል፣ አዲስ ስያሜ የሚያወጣ ሰውስ ከዚህ ሥርዓት ምን ይማራል የሚል ነው።

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ውጫሌ ከታለፈች በኋላ መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ደጋው፣ በምሥራቅ በኩል ቆላው ስለሚያዋስናት የሁለቱም ምርት በገበያው ይገናኛል። ጦስኝና ኮሶ የደጋ ዕፅዋት ናቸውና እዚህ የሚታወቁት ከነሕይወታቸው ሳይሆን ደርቀው፣ በቁና ወይም በእፍኝ ተሰፍረው ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገዛል፤ አንዱ ጥቁር አዝሙድ የሚለውን ሌላው ከዓረብኛ በመጣው ስም ሐበተ ሰውዳ ይለዋል፤ ሻጪቱ ለሁለቱም ከአንዱ ከረጢት ትሰፍራለች። ለቃላት ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተርጓሚ ደግሞ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ውጫሌን ያለ ጥቂት መሳቀቅ የሚያልፋት አይመስለንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው መቻልን፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታን በመናገራቸው የተከተለውን ሁሉም ያውቃል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቃል ምክንያት የሚመጣ ጉዳት የግድ በመንግሥታት መካከል ብቻ የሚሆን አይደለም።

ወደ ቃላቱ እንለፍ። በአማርኛ የሆድ ሕመም በመጀመሪያ ግስ ነው፤ ስሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው። «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ሆዴን ነፋኝ»፣ «አቅለሸለሸኝ»፣ «አስመለሰኝ»፣ «አስቀመጠኝ» የሚሉትን እንመልከት። ግሶቹ ሁሉ በሦስተኛ መደብ፣ በነጠላ ቁጥር፣ በተባዕታይ ጾታ ይረባሉ። ባለቤታቸው ግን አይገለጽም፤ «ማን ቆረጠህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታማሚው በግሱ ላይ በተሳቢ ምእላድ ይታያል፣ ሆዱም «ን» ን ተቀብሎ ሁለተኛ ተሳቢ ይሆናል። ይህ አሠራር ለተርጓሚ ቀላል የሚመስል ወጥመድ ነው። የባዕዱ ቋንቋ ሆድን ባለቤት አድርጎ «ሆዴ ያመኛል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲሰጠው ተርጓሚው በዚያው ይቀጥላል፤ አማርኛውም አይሰበርም፤ ግን የታመመ ሰው አነጋገር መሆኑ ይቀራል። የጤና መጠይቅ ላይ «የሆድ ቁርጠት ምልክት አለዎት?» ከማለት «ሆድዎን ይቆርጥዎታል?» ማለት ይበልጣል። የመጀመሪያውን ታማሚው ለመመለስ ያስባል፤ ሁለተኛውን ሳያስብ ይመልሳል።

ከእነዚህ ግሶች የሚወጡት ስሞች የሕመሙን ስሜት ወይም ታማሚው የሚያደርገውን እንጂ የአካሉን ክፍል አይጠሩም። የአውሮጳ ቋንቋዎች ኮሊክ የሚሉት ሕመም ስሙን ያገኘው በግሪክኛ ኮሎን ከተባለው ወፍራም አንጀት ነው። አማርኛ ቁርጠት ሲል የሚያውቀው መቆረጡን ነው። ከአማርኛ ጋር በወሎ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን የኖረው ኦሮምኛም «ጋራ ጪኒና» ሲል ሆድን የሚነክስ ነገር ያያል እንጂ አንጀቱን አይቆጥርም። ተቅማጥ የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነው። ሥሩ «ተቀመጠ» ነው፤ «አስቀመጠው» ማለት እንዲቀመጥ አደረገው ማለት ነው። ነውሩን የሸፈነ የጨዋ አነጋገር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሽፋኑን ለመግለጥ የሚፈልግ «ቅዘን» የሚል ቃል አለለት። ከጊዜ ብዛት ተቅማጥ ሽፋንነቱን ረስቶ የሕክምና ስም ሆኗል። ግሪኮች ለዚሁ ሕመም የሰጡት ስም «በውስጥ አልፎ መፍሰስ» የሚል ፍቺ አለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የግሪኩን ቃል የወረሰ ሰው ከስሙ ብቻ የሚፈስ ነገር መኖሩን፣ የሚፈሰውም እንደሚጎድል ሊገምት ይችላል። የእኛ ቃል ስለ መቀመጥ እንጂ ስለ ውኃ አንዳች አይናገርም። ስለዚህ ውኃ የመጉደሉን ነገር የሚናገር ሌላ ቃል የግድ ያስፈልጋል፤ የምንመርጠውም ቃል በሌላ ፍቺ ያልተያዘ መሆን አለበት።

ስለ አካል ክፍሎች ከተነሣ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ጨጓራ በአንድ በኩል ከበሬው ሆድ ዕቃ ለዱለት የሚወጣው ነው፤ በሌላ በኩል የሰው የምግብ ከረጢት ነው፤ በሦስተኛ ደግሞ በሽታ ነው። ሦስተኛውን ፍቺ የሚወልደው ስሙ ሳይሆን ምእላዱ ነው። «ጨጓራ አለብኝ» ያለ ሰው ጨጓራው እንደሚያመው ተናገረ፤ «ኩላሊት አለብኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በ«ብ» የሚገለጸው የጉዳት አገባብ ጤነኛውን አካል ወደ ሕመም ይለውጠዋል። ይህን በመዝገበ ቃላት በጨጓራ ሥር እንደ ሦስተኛ ፍቺ ብቻ መመዝገብ አይበቃም፤ ከነአገባቡ መግባት አለበት። አለዚያ መዝገበ ቃላቱን ይዞ የሚተረጉም ባዕድ ሰው «ሆድ ዕቃ አለኝ» ብሎ ይጽፋል። ወስፋትም ተመሳሳይ ጉዞ አድርጓል። ዋነኛ ፍቺው በአንጀት የሚኖረው ረጅሙ ትል ሲሆን፣ «ወስፋቴ ጮኸ» ሲባል ግን የተራበ ሰው ሆድ ነው የጮኸው፤ «ወስፋቴን ቆለፈው» ሲባል ደግሞ የምግብ ፍላጎት ነው የተዘጋው። ትሉ የራብ ምልክት፣ ቆይቶም ራቡ ራሱ ሆነ።

መድኃኒቶቹ በሚሰየሙበት መንገድ ሕዝቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን ይሆናል?» የሚለውን ነው። የጥንቶቹ የመድኃኒት መጻሕፍት፣ ዕፀ ደብዳቤ የሚባሉት ጭምር፣ አዘገጃጀታቸው በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ሕመሙ ይቀድማል፣ ዕፁ ይከተላል። ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ባሳተማቸው ሁለት ጥራዞች የሰበሰባቸውን የሕክምና ጽሑፎችና የዕፅዋት ስሞች ያገላበጠ ሁሉ ይህን ያስተውላል። በገበያም ያው ነው። ዳማከሴን በስሙ የማያውቅ ሰው «የምች መድኃኒት» ብሎ ይጠይቃል፤ ያገኛልም። ምች ራሱ በሐኪም ቤት ስም የሌለው ሕመም ነው፤ ራስ ምታትንና ትኩሳትን፣ የከንፈር መቁሰልንም ይጨምራል። ከ«መታ» ጋር ነው የሚሄደው፤ «ምች መታኝ» እንጂ «ምች ቆረጠኝ» አይባልም። ለቅጠሉ ጭማቂ የሚስማማው ግስም «ጨመቀ» ነው፤ ተጨምቆ ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል።

በዚህ መንገድ ስያሜ ምን ያህል እንደሚራመድ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ያሳየናል። ድንገተኛ በመሠረቱ ቅጽል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሳይታሰብ የሚይዝ የሆድ ሕመም፣ ብዙ ጊዜም ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ሕመም ስም ሆነ። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ለዚህ ሕመም የሚታኘክ ሥር መጠሪያ ሆነ፤ ሳይንሱ ታቬርኒዬራ አቢሲኒካ የሚለው፣ እንደ ቀጭን ጭራሮ በትንንሽ እስር ታስሮ በቅመም ተራ የሚሸጠው ነው። ሥሩ ይታኘካል፣ ውኃው ይዋጣል፣ ገለባው ይተፋል። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ የጠራ ነው። በኋላ ግን ሐኪም ቤቶች «የድንገተኛ ክፍል» የሚል ስያሜ አወጡ፤ በዚያ የሚቀመጠውም «የድንገተኛ መድኃኒት» ተባለ። አንድ ሐረግ በቅመም ተራ ሥር፣ በሐኪም ቤት ደግሞ የልብ ምት ማስነሻ መርፌ ሆነ ማለት ነው። ጉዳት ያደርሳል ብለን አንሠጋም፤ ሁለቱ ቦታዎች የተለያዩ በመሆናቸው አውዱ ይለያቸዋል። ጎጂ የሚሆነው፣ እንደ ድርቀት፣ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ በሽተኛ አልጋ ላይ ሲገናኙ ነው።

ኮሶ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። ይህ አንድ ቃል ዛፉን፣ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀውን መድኃኒትና መድኃኒቱ የሚያስወጣውን ትል፣ ሦስቱንም ይጠራል። «ኮሶ አለበት» ያለ ሰው ትሉን፣ «ኮሶ ጠጣ» ያለ ሰው መድኃኒቱን፣ «ከኮሶ ሥር ተቀመጠ» ያለ ዛፉን ተናገረ፤ ግሱና መስተዋድዱ ይለዩታል እንጂ ስሙ አይለይም። የትኛው ፍቺ ቀደመ የሚለው ለመዝገበ ቃላት ሰው የሚያጓጓ ነው። መድኃኒት በሕመሙ ስም የሚጠራበትን ልማድ ስናስታውስ ከትሉ ወደ ዛፉ የሄደ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሕመሙ ስም የሚጠሩት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ «የ…መድኃኒት» የሚለውን ሐረግ ሲይዙ ኮሶ ይህን ሐረግ አይሻም፤ ስለዚህ ዛፉን የመጀመሪያ ፍቺ አድርጎ መመዝገቡን እንመርጣለን። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮጳ ካስተዋወቀ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አበባው «ኩሶ» በሚል ስም ወደ አውሮጳ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቷል። እዚያ የሄደው ግን መድኃኒቱ ብቻ ነው፤ የትሉና የዛፉ ፍቺ እዚሁ ቀርቷል። ውሰት ሁልጊዜ ከፍቺዎች አንዱን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ጣዕሙ ደግሞ አራተኛ ፍቺ ወልዷል፤ የተቆጣ ሰው «ኮሶ እንደ ጠጣ» ፊቱን ያኮሳትራል፣ የመረረ ሁሉ «ኮሶ ኮሶ ይላል»። መጠኑን ያለፈ ኮሶ ዓይንን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ የታወቀ ስለሆነ፣ ዛሬ ይህን ቃል የሚተረጉም ሰው መድኃኒቱን እንደ ሻይ አቅልሎ እንዳያቀርበው እንመክራለን።

አሁን ወደ መጠጦቹ እንመለስ። ለታመመ ሆድ ስለሚሰጡ መጠጦች የሚናገር የባዕድ ጽሑፍ «የሚያጽናና መጠጥ» ወደሚል ትርጉም ይገፋፋል። ማጽናናት ግን በአማርኛ የቃል ነው፣ የለቅሶ ቤት ነው፤ መጠጥ አያጽናናም። መጠጥ አንጀት ያርሳል። «ራሰ»፣ «አራሰ» ከሚለው ግስ የወጣው ይህ አነጋገር የሚጠጣውን ብቻ ሳይሆን ደግ ሥራንና መልካም ንግግርንም ስለሚጨምር፣ የባዕዱ ቃል ያዘለውን የሥጋና የመንፈስ ድርብ ፍቺ ሳይጎድል ይይዛል። አጥሚት አንጀት ያርሳል፤ ከገብስ ወይም ከአጃ ዱቄት ቀጠን ተደርጎ ይፈላል፣ ማርና ቅቤ ይገባበታል፣ ለአራስም ለታማሚም ይሰጣል። አብሽ ከተዘፈዘፈ በኋላ መራራው ውኃ እየተደፋ ይመታል፤ አረፋ ሲያወጣ በማር ወይም በስኳር ይጠጣል። በሶ ይበጠበጣል። ፌጦ ይደቆስና በሎሚ ይታሻል። ጦስኝና ዝንጅብል ከሻይ ጋር ይፈላሉ፤ ጤና አዳም ግን አይፈላም፤ ቅርንጫፉ ከስኒው ጣል ይደረጋል እንጂ። እነዚህን ግሶች የምንዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። በጤና ጽሑፎቻችን ሁሉም በአንድ «አዘጋጅ» የሚል ግስ ተጠቅልለዋል፤ በዚህም ምክንያት አንባቢው መፍላት ያለበትንና የሌለበትን ከጽሑፉ ማወቅ አልቻለም። ቋንቋው የአሠራሩን መመሪያ በግሱ ውስጥ አስቀምጦ ሳለ ግሱን ጥለን መመሪያውን በሌላ ሦስት መስመር እንጽፋለን።

ስለ ቅመሞቹ ስም አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ የአንድ ተክል ሁለት ቀለም አይደሉም፤ የመጀመሪያው ናይጄላ ሳቲቫ፣ ሁለተኛው ትራኪስፐርመም አሚ የሚባሉ፣ ዘመዳቸው የተለያየ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም ከከሙን ይለያሉ። በምግብ ዝርዝርና በመድኃኒት ጽሑፍ «ጥቁር ከሙን»፣ «ነጭ ከሙን» እየተባሉ ወደ ባዕድ ቋንቋ ሲመለሱ እናያለን፤ ገዢው የሚያገኘው ሌላ ዕቃ ነው።

ወደ ተነሣንበት ድርቀት እንመለስና አንድ ተቃውሞ እንመርምር። ሕዝቡ ራሱ «ጉሮሮዬ ደረቀ»፣ «አፉ ደረቀ» ይል የለምን? አንጀት የሚርስ ከሆነስ የሚደርቅ አይደለምን? ትክክል ነው። «ደረቀ» የሚለው ግስ የአካሉ ስም ከተጠራለት ጥምን ይናገራል። ችግሩ ያለው ብቻውን በቆመው «ድርቀት» በሚለው ስም ላይ ነው፤ ይህ ስም ስለ ሕመም ሲነገር ቀድሞ ተይዟል። «የሰውነት ድርቀት» ብሎ ማስፋት ችግሩን ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ረጅም ሐረግ በአፍ ሲነገር ያጥራልና ሲያጥር የሚቀረው ያው ድርቀት ነው። «የሰውነት ፈሳሽ እጥረት» የሚለው ከስሕተት የራቀ ነው፤ ነገር ግን ፈሳሽ ለብዙው ሰው ሌላ ሌላ ነገር ያሳስባል፣ እጥረትም የገበያና የመሥሪያ ቤት ቃል ነው።

እኛ የምናቀርበው «ውኃ መጉደል» ወይም በስም «የውኃ ጉድለት» የሚለውን ነው። እንስራ ይጎድላል፣ ጉድጓድ ይጎድላል፤ ሰውም እንዲሁ። ቃሉ ሦስት ጥቅም አለው። ሐኪሞች መጠነኛና ከባድ ብለው የሚለዩትን ደረጃ «በጥቂቱ ጎድሏል»፣ «ክፉኛ ጎድሏል» በማለት ይሸከማል፤ «አለቀ» የሚለው ግስ ይህን አይችልም። ከ«ሞላ» ጋር ጥንድ ስለሆነ የሕክምናውን ስምም ይዞ ይመጣል፤ የጎደለ ይሞላል፤ ሕክምናው ውኃ መሙላት ነው። ከሁሉ በላይ ግን እናቲቱ ምን ማድረግ እንዳለባት ከስሙ ትረዳለች። ውኃ ሲሰጡት ተቅማጡ ይብሳል የሚለው ፍርሃት በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ «ጎደለ» የሚለው ቃል ይህን ፍርሃት ሳይከራከር ይመልሰዋል። «ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ ውኃው ጎድሏልና እህቴ ሳትውይ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ እስክትደርሺም አጠጪው» የሚል ምክር ለመረዳት መምህር አያሻም።

ከቤት መድኃኒቱ የስያሜ ሥርዓት ጋር የተስማማ ዘመናዊ ስም የለም ማለት ግን አይደለም። በጥቅል የሚመጣው የጨውና የስኳር ድብልቅ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ተብሏል። የዚህን ሕክምና ዋጋ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ከመቶ ዓመቱ ታላላቅ የሕክምና ግኝቶች ሁሉ ምናልባት የሚበልጥ መሆኑን ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በሚሠራበት ቀመር በአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይገባል። «ሕይወት አድን» የሚለው ግማሽ ልክ እንደ «የምች መድኃኒት» ለምን እንደሚሆን ይናገራል፤ ለዚህም ነው የሚያዘው። «ንጥረ ነገር» የሚለው ግማሽ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ ቢቀር የሚጎዳ አይመስለንም።

የሚቀረው መስፈሪያው ነው። ጥቅሉ በሌለበት በቤት የሚሠራው መጠጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። የባዕዱ ጽሑፍ ማንኪያው ጠርዙ ድረስ ብቻ የተሞላ መሆኑን በአንድ ቅጽል ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜ በትርጉም የሚወድቀው ይህ ቅጽል ነው። አማርኛ «ልሙጥ» እና «ቁልል» የሚሉ የሰፋሪ ቃላት አሉት። ቁልል ማንኪያ ጨው ሕፃንን ይጎዳል፤ ስለዚህ «ልሙጥ» የሚለው ቃል በየመስመሩ መደገም አለበት። ሊትርንም በጣሳና በኩባያ ማስላት መጠኑን ያዛባል። ዛሬ ከከተማ እስከ ገጠር የአንድ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ በየቤቱ ስላለ መስፈሪያው እርሱ ይሁን፤ ስሙም ሕዝቡ ከአንድ የታሸገ ውኃ ምልክት ወስዶ ለማናቸውም የውኃ ጠርሙስ የሰጠው «ሃይላንድ» ነው። ይሁን እንጂ ግማሽ ሊትሩም ሁለት ሊትሩም ሃይላንድ ስለሚባል፣ ጽሑፉ «ባለ አንድ ሊትር» የሚለውን ሳይጨምር መውጣት የለበትም።